መሐንዲሱ ኸርበርት ሁቨርና የራዲዮ ፈቃድ ታሪክ

የኸርበርት ሁቨር ስም ሲነሣ በብዙ ሰው አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው 31ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት መሆናቸውና በዘመነ ሥልጣናቸው የደረሰው ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ነው። ሥራ ያጣው ሕዝብ በየከተማው ዳርቻ ከሳንቃና ከቆርቆሮ የቀለሳቸው የጎጆ መንደሮች በእሳቸው ስም እስኪጠሩ ድረስ ስማቸው ከችግር ጋር ተቆራኝቶ ቀርቷል። በምሕንድስና ሙያ ለተሰማራን ሰዎች ግን፣ ከፕሬዚዳንትነታቸው ይልቅ ከዚያ በፊት በንግድ ሚኒስትርነት ያሳለፉት ከሰባት ዓመት በላይ የሆነ ጊዜ የበለጠ ትምህርት ይሰጣል። በዚያ ጊዜ ሁቨር፣ ከእሳቸው በፊት የነበረ ማንም ሚኒስትር በዚያ ስፋት ያልገጠመው ጥያቄ ቀረበላቸው። ይኸውም፣ በዓይን የማይታየውን፣ በእጅ የማይዳሰሰውን፣ ነገር ግን ሁሉም እንዳሻው ቢጠቀምበት ለማንም የማይበጀውን የራዲዮ ሞገድ ማን፣ በምን ሥልጣን፣ ለማን ያድለው? የሚል ነበር።

ሁቨር መሐንዲስ ስለ ነበሩ የጥያቄውን ቴክኒካዊ መልስ ፈጥነው ተረዱት። ሕጉ ግን መልሱን በሥራ ላይ የሚያውሉበትን ሥልጣን አልሰጣቸውም ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዋና ፍሬ ነገር በዕውቀትና በሥልጣን መካከል የነበረው ይህ ክፍተት፣ እንዲሁም ክፍተቱ በመጨረሻ የተዘጋበት መንገድ ያስከተለው ዋጋ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአንጥረኛ ቤት እስከ ሚኒስትርነት

ሁቨር ኦገስት 10 ቀን 1874 በአዮዋ ግዛት ዌስት ብራንች በምትባል አነስተኛ መንደር ተወለዱ። አባታቸው ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ቤተሰቡም ቁጠባንና የጉልበት ሥራን የሚያከብር የኩዌከር እምነት ተከታይ ነበር። ሁቨር በስድስት ዓመታቸው አባታቸውን፣ በዘጠኝ ዓመታቸው ደግሞ እናታቸውን በሞት ስላጡ ወደ ኦሬገን ተልከው በአጎታቸው ቤት አደጉ። በ1891 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በሩን ሲከፍት ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ሆነው ገቡ፤ በ1895ም በጂኦሎጂ ትምህርት ተመረቁ።

የሥራ ሕይወታቸውን የጀመሩት በካሊፎርኒያ የወርቅ ጉድጓዶች ውስጥ እንደ ማንኛውም የቀን ሠራተኛ አካፋ ይዘው ነው። በ1897 ወደ ምዕራብ አውስትራሊያ የወርቅ ማዕድን ማውጫዎች ተላኩ፤ በ1899 ደግሞ እንደሳቸው በስታንፎርድ ጂኦሎጂ የተማሩትን ሉ ሄንሪን አግብተው ወደ ቻይና ሄዱ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በዓለም የታወቁና ሀብታም የማዕድን መሐንዲስ ሆኑ። ባልና ሚስቱ በጋራ ደክመው፣ አግሪኮላ በላቲን ቋንቋ የጻፈውንና በ1556 የታተመውን ዝነኛ የማዕድንና የብረታ ብረት መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ ተርጕመው በ1912 አሳተሙ። አንደኛው የዓለም ጦርነት በ1914 ሲነሣ ሁቨር የግል ሥራቸውን ትተው በጀርመን ጦር ለተያዘችው ለቤልጅግ ሕዝብ ምግብ የማቅረቡን ታላቅ ሥራ መሩ። በ1920 የአሜሪካ መሐንዲሶች ማኅበራት ኅብረት ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አድርገው የመረጡት እሳቸውን ነበር። በማርች 1921 ፕሬዚዳንት ሃርዲንግ የንግድ ሚኒስትር አድርገው ሾሟቸው።

የመርከብ ሕግ በማሠራጫ ዘመን

ሁቨር በንግድ ሚኒስቴር ወንበር ላይ ሲቀመጡ የተረከቡት የራዲዮ ሕግ ቲታኒክ የተባለችው መርከብ በሰጠመችበት በ1912 የወጣ ነበር። ሕጉ ማንም ሰው ከሚኒስትሩ ፈቃድ ሳያገኝ የራዲዮ ማሰራጫ መሣሪያ እንዳይሠራበት ይከለክላል። ይሁን እንጂ ሕግ አውጪዎቹ በዐሳባቸው የነበሩት መርከቦች፣ የባሕር ዳርቻ ጣቢያዎችና በትርፍ ጊዜያቸው በራዲዮ የሚነጋገሩ አማተሮች ነበሩ። አንድ ጣቢያ ለብዙ ሺህ አድማጭ ሙዚቃና ዜና ያሠራጫል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ከዚህም በላይ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በዚያው በ1912 በሰጡት የሕግ አስተያየት፣ በሕጉ የተዘረዘረውን ያሟላ ዜጋ ፈቃድ ሲጠይቅ ሚኒስትሩ ሊነፍገው እንደማይችል አስታውቀው ነበር። እንግዲህ ሚኒስትሩ በበር ላይ የቆመ ዘበኛ ቢመስልም፣ በሩን ለመክፈት እንጂ ለመዝጋት ሥልጣን አልነበረውም ማለት ነው።

ኖቬምበር 2 ቀን 1920 በፒትስበርግ ከተማ የዌስቲንግሃውስ ኩባንያ ጣቢያ የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ውጤት አሠራጨ። ከዚያ ወዲህ ጋዜጦች፣ ታላላቅ መደብሮች፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የራዲዮ መሣሪያ ሠሪዎች ሁሉ ጣቢያ ለማቆም ተሽቀዳደሙ። በ1922 መጨረሻ ፈቃድ ያላቸው ጣቢያዎች ቍጥር ከ500 በላይ ደረሰ። ሚኒስቴሩ ለዚህ አዲስ ሥራ በመጀመሪያ የመደበው 360 ሜትር የሆነውን አንድ ሞገድ ብቻ ነበር፤ ይህም ወደ 833 ኪሎ ኸርዝ ይሆናል። ለአየር ጠባይና ለገበያ ዋጋ መግለጫ ደግሞ 485 ሜትር ተሰጥቶ ነበር።

ችግሩን ለባልደረቦቻችን ማስረዳት አያዳግትም። ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ሞገድ ላይ እንሠራለን ብለው አንደኛው በ1 ኪሎ ኸርዝ ያህል ቢዛነፍ፣ በአድማጩ መሣሪያ ውስጥ ሁለቱ ተሸካሚ ሞገዶች ተጋጭተው የ1 ኪሎ ኸርዝ ፉጨት ይፈጥራሉ። ሙዚቃውም ንግግሩም በፉጨቱ ይዋጣል። የዚያን ዘመን ማሰራጫዎች አብዛኞቹ ሞገዳቸውን አጽንቶ የሚይዝ ክሪስታል ስላልነበራቸው እንዲህ ያለው መዛነፍ የዕለት ተዕለት ነገር ነበር። ሌሊት ሲሆን ደግሞ ሞገዱ ከላይኛው የከባቢ አየር ንብርብር ተንጸባርቆ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ስለሚመለስ፣ ቀን የማይተዋወቁ ሁለት ከተሞች ጣቢያዎች ማታ ጎረቤት ይሆናሉ። ስለዚህ ጣቢያዎቹ በርቀት፣ በሞገድ፣ በኃይልና በሰዓት ካልተከፋፈሉ በቀር የሁሉም ድምፅ ከንቱ እንደሚሆን ለመሐንዲሱ ግልጽ ነበር።

በስምምነት የተገነባ ሥርዓት

ሁቨር ሥልጣን ባይኖራቸውም ሰዎችን አንድ ጠረጴዛ ላይ አሰባስቦ የማስማማት ልምድ ነበራቸው። ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1922 የጣቢያ ባለቤቶችን፣ የመሣሪያ ሠሪዎችን፣ የአማተሮችንና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ወኪሎች በዋሽንግተን ሰብስበው የመጀመሪያውን ብሔራዊ የራዲዮ ጉባኤ ከፈቱ። ተመሳሳይ ጉባኤዎች በ1923፣ በ1924 እና በ1925 ተከታትለው ተደረጉ። ሁቨር በእነዚህ ጉባኤዎች አጥብቀው የያዙት ዐሳብ፣ አየሩ የሕዝብ እንደ ሆነ፣ ከጣቢያው ባለቤት ጥቅም ይልቅም የአድማጩ ጥቅም እንደሚቀድም ነበር። አንድ የንግድ ዘርፍ ራሱ ተነሥቶ መንግሥት ይቈጣጠረኝ ብሎ መለመኑ ያልተለመደ ነገር መሆኑንም ሳያስተውሉ አላለፉም።

ከሁለተኛው ጉባኤ በኋላ በሜይ 1923 ሚኒስቴሩ አዲስ የሞገድ ምደባ በሥራ ላይ አዋለ። ከ550 እስከ 1350 ኪሎ ኸርዝ ያለው ክልል በ10 ኪሎ ኸርዝ ርቀት ተከፋፈለ፤ ኃይለኛ ጣቢያዎች ከደካማዎቹ ተለይተው ተመደቡ፤ በአንድ ከተማ ውስጥ ያሉ ጣቢያዎች ደግሞ ሰዓት እንዲጋሩ ተደረገ። ይህ ሁሉ የተፈጸመው ባለ ጣቢያዎቹ ስለ ተስማሙ ብቻ ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሁቨር ራዲዮን በወረቀት ብቻ የሚያውቁ ሹም እንዳልነበሩ ነው። ስማቸውን የወረሰው የበኵር ልጃቸው ብርቱ አማተር ነበር፤ በኋላም የአሜሪካ አማተሮች ማኅበር ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደርሷል።

ሁሉም ግን በውዴታ የሚገዛ አልነበረም። ሁቨር በትዝታ መጽሐፋቸው እንደ ተረኩት፣ በሎስ አንጀለስ የታወቁት ሰባኪ ኤሚ ማክፈርሰን ያቋቋሙት ጣቢያ ከተመደበለት ሞገድ እየወጣ በየክልሉ ይዞር ነበር። የሚኒስቴሩ ተቈጣጣሪ ደጋግሞ አስጠንቅቆ ባይሳካለት ጣቢያውን አሸገው። ሰባኪዋም ወዲያው ለሚኒስትሩ በላኩት ቴሌግራም፣ ተቈጣጣሪዎቹን የሰይጣን አሽከሮች አድርገው ከሰሷቸው፤ ጸሎት ሲያሳርጉም የሚከተሉት የፈጣሪን እንጂ የሚኒስትሩን ሞገድ እንዳልሆነ አስታወቁ። ነገሩ የተፈታው ሰባኪዋ ብቃት ያለው የራዲዮ ባለሙያ እንዲቀጥሩ በማግባባት ነው። ታሪኩ ቢያስቅም የችግሩን ሥር ያሳያል፤ የሞገድ መዛነፍን የሚያርም ባለሙያ ማግኘት ቀላል ሲሆን፣ የራሱ ጕዳይ ከሁሉ የላቀ መስሎ የሚታየውን ሰው ለጋራ ሥርዓት ማስገዛት ግን ከባድ ነው።

የፍርድ ቤቶቹ ውሳኔ

የሥርዓቱ መሠረት መናጋት የጀመረው ቀደም ብሎ ነበር። ኢንተርሲቲ የተባለው የኒው ዮርክ የራዲዮ ቴሌግራፍ ኩባንያ ሌሎችን በማወኩ ሁቨር ፈቃዱን አላድስም ባሉ ጊዜ ኩባንያው ከሰሳቸው። በፌብሩዋሪ 1923 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ሚኒስትሩ መወካትን የሚቀንስ ሞገድ መርጠው መመደብ ይችሉ እንደ ሆነ እንጂ ፈቃዱን መከልከል እንደማይችሉ ወሰነ።

ይህም ሆኖ ሥርዓቱ ለጥቂት ጊዜ ቆየ። በኖቬምበር 1925 አራተኛው ጉባኤ ሲሰበሰብ ለማሠራጫ የተመደቡት 89 ሞገዶች በሙሉ ተይዘው፣ በብዙዎቹም ላይ ከአንድ በላይ ጣቢያ ተደርቦ ነበር። ሌሎች 175 አመልካቾች ደግሞ ተራ ይጠብቁ ነበር። ጉባኤው የማሠራጫውን ክልል ማስፋትን ስላልደገፈ፣ ሁቨር አዲስ ሞገድ መስጠት አቆሙ፤ ኮንግሬስም አዲስ ሕግ እንዲያወጣ ተጠየቀ።

በዚህ መካከል ዜኒት የተባለው የራዲዮ ሠሪ ኩባንያ በቺካጎ አካባቢ ላለው ጣቢያው የተሰጠው ጊዜ በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ መሆኑ አላረካውም። ስለዚህ ፈቃድ ሳይቀበል፣ በስምምነት ለካናዳ ወደ ተተወ ሞገድ ዘሎ ማሠራጨት ጀመረ። መንግሥት ክስ መሠረተ። ኤፕሪል 16 ቀን 1926 የቺካጎው የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ ዊልከርሰን ለኩባንያው ፈረዱ፤ የ1912 ሕግ ሚኒስትሩ በሞገድና በሰዓት ላይ ገደብ የሚጥሉበትን ሥልጣን በግልጽ አልሰጠም፣ ሕጉ ግልጽ ባልሆነበትም ሰውን መቅጣት አይቻልም የሚል ነበር የፍርዱ መንፈስ። ሁቨር የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉን መሥሪያ ቤት አስተያየት ጠየቁ። ተጠባባቂው ዊልያም ዶኖቫን ጁላይ 8 ቀን በሰጡት መልስ የፍርድ ቤቱን አቋም አጸኑ፤ በማግሥቱም ሁቨር ሚኒስቴሩ ጣቢያዎችን መቈጣጠሩን ማቆሙን በይፋ አስታወቁ።

ቀጥሎ የመጣው በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ ትልቅ ሙከራ ነበር ማለት ይቻላል። ከጁላይ 1926 እስከ ፌብሩዋሪ 1927 ባለው ጊዜ ወደ 200 የሚጠጉ አዳዲስ ጣቢያዎች ወደ አየሩ ገቡ። ነባሮቹም የፈለጉትን ሞገድ ያዙ፤ ኃይላቸውን ጨመሩ፤ የሰዓት መጋራቱን ስምምነት ጣሉት። በብዙ ቦታ አድማጩ መሣሪያውን ሲከፍት የሚሰማው ፉጨትና ጩኸት ሆነ። በ1922 በቃል የተነገረው የፊዚክስ ሐቅ በ1926 በየሰው ቤት ተፈተነ።

ይሁን እንጂ በዚህ ምዕራፍ ላይ የታሪክ ጸሐፊዎች አንድ ቃል አይደሉም። አንዳንዶቹ፣ ሁቨር ትርምሱ እንዲመጣ የፈቀዱት ኮንግሬስን ለማስገደድ ነው ይላሉ። በኖቬምበር 1926 በቺካጎ የሚገኝ የኢሊኖይ ግዛት ፍርድ ቤት፣ በአንድ ሞገድ ላይ ቀድሞ ሲሠራ የኖረ ጣቢያ በኋላ መጥቶ ከሚያውከው ሌላ ጣቢያ ሊጠበቅ እንደሚገባ ወስኖ ነበር። ስለዚህ ነገሩ ለፍርድ ቤቶች ቢተው ኖሮ እንደ እርሻ መሬት በቀዳሚነት የሚጸና የሞገድ ባለቤትነት ቀስ በቀስ ይፈጠር ነበር የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። የኢኮኖሚ ሊቁ ሮናልድ ኮዝም በ1959 ባሳተሙት ጥናት ሞገድ በገበያ ሊሸጥና ሊለወጥ እንደሚችል ተከራክረዋል። ኮንግሬስ ግን ያንን መንገድ ገና ሳይጠረግ ዘጋው፤ በዲሴምበር 1926 ባሳለፈው ውሳኔ፣ ፈቃድ የሚሰጠው ለአጭር ጊዜ ብቻ እንዲሆንና ተቀባዩም በሞገዱ ላይ የባለቤትነት ጥያቄ እንደማያነሣ በፊርማው እንዲያረጋግጥ አዘዘ።

የ1927 ሕግና ያስከተለው

ፕሬዚዳንት ኩሊጅ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1927 አዲሱን የራዲዮ ሕግ ፈረሙ። በዚህ ሕግ መሠረት አምስት አባላት ያሉት የፌዴራል ራዲዮ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ የቀድሞዎቹ ፈቃዶች በሙሉ እንዲያበቁ ተደረገ፤ አዲሱ ፈቃድ ቢበዛ ለሦስት ዓመት ሆነ፤ መስፈርቱም የሕዝብ ጥቅም፣ ምቾት ወይም አስፈላጊነት ነው ተባለ። ኮሚሽኑ የሥርጭቱን ይዘት አስቀድሞ እንዳይመረምርም ሕጉ ከለከለ። ፈቃድ የመስጠቱ ሥልጣን ለኮሚሽኑ ለአንድ ዓመት ብቻ ተሰጥቶ ከዚያ ወደ ንግድ ሚኒስትሩ እንዲመለስ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን በየጊዜው እየተራዘመ በዚያው ጸና። ሁቨርም ቢሆኑ ማን በአየር ይናገር የሚለው ውሳኔ በአንድ ሹም እጅ መግባቱ አደገኛ መሆኑን ደጋግመው የተናገሩ ሰው ነበሩ።

ኮሚሽኑ ሥራ ሲጀምር ከ700 በላይ ጣቢያዎች ይጠብቁት ነበር፤ የሚሠራበት በጀት ግን አልተመደበለትም ነበር። በ1928 ያወጣው 40ኛ ትእዛዝ ብሔራዊውን ምደባ እንደገና ሠራው። በዚህም 40 ሞገዶች ሌሊት አንድ ኃይለኛ ጣቢያ ብቻውን እንዲሠራባቸው ተከለሉ። በቴክኒክ በኩል ትእዛዙ ግሩም ውጤት አስገኘ፤ በሩቅ ገጠር ያለው ገበሬ ሌሊት ጥርት ያለ ድምፅ ሰማ። ነገር ግን የተከለሉትን ሞገዶች በአብዛኛው ያገኙት ትልቅ ካፒታልና ጥሩ መሣሪያ ያላቸው፣ ከአዳዲሶቹ ብሔራዊ የሥርጭት ኩባንያዎች ጋር የተሳሰሩ ጣቢያዎች ነበሩ። በጥቂት ገንዘብ የሚሠሩ ብዙ የዩኒቨርሲቲ ጣቢያዎች የተረፈው ሰዓትና የደካማ ሞገድ ዕጣ ደረሳቸው፤ ቀስ በቀስም ጠፉ። በመሣሪያ ጥራት የተጀመረው መለኪያ ሳይታወቅ የሀብት መለኪያ ሆነ።

ይዘቱም ቢሆን ከፈቃዱ ተነጥሎ አልቀረም። በ1930 ኮሚሽኑ፣ በራዲዮ ለማያያቸው ሕመምተኞች መድኃኒት ያዝ የነበረውን የካንሳሱን ብሪንክሊን ፈቃድ ሳያድስ ቀረ። በ1931 ደግሞ ባለሥልጣኖችንና የሌሎች እምነት ተከታዮችን በኃይለ ቃል ይወርፉ የነበሩት የሎስ አንጀለሱ ቄስ ሹለር ፈቃዳቸውን አጡ። ፍርድ ቤቶችም ሁለቱንም ውሳኔዎች አጸኑ። የመጀመሪያው ጕዳይ ብዙ ሰው የሚስማማበት ነው፤ ሁለተኛው ግን ሞገድ የሚያድል እጅ ቃልን ወደ መመዘን እንዴት በቀላሉ እንደሚሻገር ያሳያል።

የዋሽንግተኑ ጉባኤና ፍጻሜው

ሁቨር የራዲዮን ነገር ከአገራቸው ወሰን አልፈው ተመልክተውታል። በኦክቶበርና በኖቬምበር 1927 በዋሽንግተን የተደረገውን ዓለም አቀፍ የራዲዮቴሌግራፍ ጉባኤ በሊቀ መንበርነት መሩ። ይህ ጉባኤ የሞገድ ክልሎችን ለየአገልግሎቱ የሚያከፋፍል ሠንጠረዥ አጸደቀ፤ የራዲዮ ቴክኒክ ጕዳዮችን የሚያጠና ዓለም አቀፍ አማካሪ ኮሚቴም አቋቋመ። ዛሬ በአገራችን የሞገድ ዕቅድ የሚሠራ መሐንዲስ የሚገልጠው ሠንጠረዥ የዚያ የ1927 ሠንጠረዥ የልጅ ልጅ ነው።

ሁቨር በኖቬምበር 1928 በከፍተኛ ድምፅ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ ሥራ በጀመሩ በስምንተኛው ወር የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። በ1932 በሩዝቬልት ተሸንፈው ከሥልጣን ወረዱ። በ1934 ሩዝቬልት የፈረሙት የመገናኛ ሕግ የራዲዮ ኮሚሽኑን በሌላ ሰፋ ያለ ኮሚሽን ቢተካውም፣ የ1927 ሕግ ዋና ዋና ድንጋጌዎች እንዳሉ ወደ አዲሱ ሕግ ተላልፈዋል። ሁቨር ኦክቶበር 20 ቀን 1964 በ90 ዓመታቸው በኒው ዮርክ ዐርፈው በተወለዱባት በዌስት ብራንች ተቀበሩ።

ጐረምሳ ሳሉ አካፋ የያዙት እኚህ ሰው ለሙያችን ትተውት ያለፉት ትምህርት ሁለት ገጽ ያለው ይመስለኛል። ትክክለኛ ስሌት በሕግ ካልተደገፈ አንድ እምቢተኛ ሊያፈርሰው እንደሚችል የዜኒት ጕዳይ አሳይቷል። ሕግ ካገኘ በኋላ ደግሞ ስሌቱ ብቻውን ፍትሕን እንደማያረጋግጥ የ40ኛው ትእዛዝ ታሪክ ይመሰክራል። በአገራችንም በ1991 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቍጥር 178 የግል ድርጅቶች ለራዲዮ ማሠራጫ ፈቃድ የሚያመለክቱበትን በር ከከፈተ ወዲህ፣ ሞገድ ለማን፣ በምን መስፈርት ይሰጥ የሚለው ጥያቄ ለባልደረቦቻችን የመጽሐፍ ታሪክ መሆኑ ቀርቷል። በፈቃድ ማመልከቻ ላይ ስለ አንቴና ከፍታና ስለ ማሰራጫ ኃይል አስተያየት የሚጽፍ መሐንዲስ፣ ቍጥሩን ሲፈርም ማን እንደሚሰማና ማን እንደሚቀር አብሮ እየፈረመ መሆኑን ቢያስታውስ መልካም ነው።